የጓሮ አትክልት ምክር ከስልክ ስንቀዳ ለጅማ ዝናብና ለጅማ አፈር እንመዝነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጅማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ዝናቡ ሲጀምር እጁ አፈር ይነካል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ጎደሬ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ጥቂት እንሰትና ሙዝ አይጠፋም። ትምህርት ቤቶችም ከግቢያቸው ቆርሰው ተማሪዎችን ያስቆፍራሉ። ድሮ ምክር የሚጠየቀው ጎረቤት ወይም የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ዛሬ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስልክ ነው። ይህ በራሱ ጥሩ ነው፤ በነፃ የሚገኘው እውቀት ብዙ ነውና። ችግሩ አብዛኛው ምክር የተጻፈው በረዶ ለሚወርድበት፣ በጋው ደረቅና ረጅም ቀን ለሆነበት፣ አፈሩም ከእኛ ለተለየ አገር መሆኑ ነው። ስለዚህ የትኞቹ ምንጮች እንደሚጠቅሙና ምክሩ ጅማ ሲደርስ የት ላይ እንደሚሰበር ለአንባቢዎቻችሁ እንድታወጡልን ይህን ጽፈናል።

መጀመሪያ ምንጮቹ። የቪዲዮ ትምህርት ለሚፈልግ አክሰስ አግሪካልቸር የሚባለው ድረ ገጽ ከሁሉ ይቀድማል። ፊልሞቹ በገበሬዎች ማሳ ላይ የተቀረጹ ሲሆኑ በአማርኛ የተተረጎሙም አሉ። ለስልክ እንዲመች አንሶ የተዘጋጀውን ወይም ድምፁን ብቻ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ለሚያስተምር መምህር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ስለ አንድ ሰብል ተባይና በሽታ በዝርዝር ለማንበብ ደግሞ መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ የሆነው ኢንፎኔት ባዮቪዥን እና ፕላንትዋይዝ የሚባለው የመረጃ ቋት ይሻላሉ። ሁለቱም ከኬሚካል በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ስለሚያስቀድሙ ለጓሮ ይስማማሉ። የዓለም አትክልት ማዕከል መመሪያዎችም ጥሩ ናቸው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ታይዋን ቢሆንም አሩሻ ቅርንጫፍ ስላለው የአፍሪካ ቅጠላ ቅጠሎችን ያውቃል። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ኢኮ የተባለው ድርጅት ስለ ሞቃታማ አገሮች ጓሮ የሚያወጣቸው አጫጭር ጽሑፎች ቁምነገር የሞላባቸው ናቸው።

ከአገር ውስጥ 8028 የተባለው የግብርና ምክር የስልክ መስመር አለ። ነፃ ነው፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች ያገለግላል። ጅማ ለሚያስተምር ሰው የአፋን ኦሮሞው ነገር ቀላል አይደለም። ይሁንና ጥንካሬው በእህል ሰብሎች ላይ ነው፤ ለጓሮ አትክልት ሁሉን ይመልስልኛል ብሎ የሚደውል ያዝናል። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በአማርኛ የሚያወጣቸው የአመራረት መመሪያዎች ዝርያንና በተክሎች መካከል የሚተወውን ርቀት በተመለከተ ከማንኛውም የውጭ ገጽ ይበልጣሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የአትክልት ምርምሩ ትልቁ ክፍል የሚሠራው መልካሳ ነው። መልካሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ዝናቡም የጅማን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ባማረው ርቀት ቲማቲም እዚህ በክረምት ሲተከል ቅጠሉ ሳይደርቅ ይውላል፤ ያኔ ምች የሚባለው የቲማቲምና የድንች በሽታ ይገባል።

ወደ ስህተቶቹ እንምጣ። በጣም የተለመደው ሽንኩርት ላይ ያለው ነው። ከውጭ ገጽ ላይ በፎቶ የማረኩ ዝርያዎች ብዙዎቹ ራስ ለመቋጠር በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋሉ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለሆነች ረጅሙ ቀናችን (ሰኔ ላይ) 12 ሰዓት ከ35 ደቂቃ አካባቢ፣ አጭሩ (ታኅሣሥ ላይ) 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለው ዝርያ ጅማ ላይ ቢዘራ ቅጠሉ ያምራል፣ አንገቱ ይወፍራል፣ ራስ ግን አይቋጥርም። ባለቤቱ ማዳበሪያ አነሰ ብሎ ዩሪያ ሲጨምር ይብስበታል። መድኃኒቱ እንደ አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ ያሉ በአጭር ቀን የሚቋጥሩ ዝርያዎችን መዝራት ብቻ ነው።

የመትከያ ካላንደር ሁለተኛው ወጥመድ ነው። የውጭ ገጾች ቀን የሚቆጥሩት ከመጨረሻው ውርጭ ተነስተው ነው፤ ጅማ ላይ ግን ወሳኙ ዝናቡ መቼ እንደሚከብድና መቼ እንደሚለቅ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ይጀማምራል፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ይከብዳል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል። ቲማቲምን በምሳሌ እንየው። በሰኔ የተተከለ ቲማቲም ነሐሴ ላይ በምች መቃጠሉ ዕድል አይደለም፤ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት ሲረጥብ ምች የሚያመጣው ተውሳክ በቀናት ውስጥ ማሳ ይጨርሳል። ዘሩን በነሐሴ መጨረሻ ከዝናብ በተከለለ መደብ ላይ አፍልቶ፣ ከ4 እስከ 5 ሳምንት የሆነውን ችግኝ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ማዛወር ይሻላል። በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይተው። በእንጨት ይደገፍ፤ የታችኛው ቅጠል አፈር እንዳይነካ ይገንጠል፤ ውሃ ከሥሩ እንጂ ከላይ አይፍሰስበት። ፍሬው በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ይደርሳል፤ ያኔ ፀሐይ አለ። ድንች በክረምት መትከል የፈለገ ግን እንደ በለጠና ጉደኔ ያሉ ምችን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ይጠይቅ።

ስለ ውሃ የሚጻፈው በአንጻሩ እዚህም ይሠራል። በሳምንት አንድ ኢንች የሚለው ምክር ለ1 ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። ጅማ በጥር ከዚህ ትንሽ ከፍ አድርጎ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ለካሬ ሜትር ቢሰጥ ይበቃል። መደቡን ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መሥራት ግን የክረምት ምክር ነው፤ በበጋ ያው ከፍ ያለ መደብ ቶሎ ስለሚደርቅ ጎመኑ ይጠወልጋል። ጉዝጓዝም እንደዚሁ ነው። በበጋ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ እርጥበት ይይዛል፤ በሐምሌ ግን ለቀንድ አውጣ ጥሩ መኖሪያ ከመሆን አልፎ ለጋ ችግኝን ከሥሩ ያበሰብሳል።

አሁን መለኪያው። የአሜሪካ ገጽ 10-10-10 ማዳበሪያ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው 10 ከመቶ የሆኑበት) ለ100 ስኩዌር ፊት 2 ፓውንድ ጨምሩ ይላል። 100 ስኩዌር ፊት 9.3 ካሬ ሜትር ነው፣ 1 ፓውንድ 454 ግራም ነው፤ ስለዚህ ለ1 ካሬ ሜትር 98 ግራም ይደርሳል። እኛ ዘንድ ለዓመታት የተለመደው ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ግን 19 ከመቶ ናይትሮጅን፣ 38 ከመቶ ፎስፎረስ (በኦክሳይድ ሒሳብ) እና 7 ከመቶ ድኝ ነው። 98 ግራሙን እንዳለ ኤንፒኤስ አድርጎ የበተነ ሰው ፎስፎረሱን አራት እጥፍ ያህል፣ ናይትሮጅኑን ሁለት እጥፍ ያህል ሰጠ ማለት ነው፤ ለጋ ሥር ይቃጠላል፣ ገንዘብም ይባክናል። ተመጣጣኙ 26 ግራም ኤንፒኤስ በመትከያ ጊዜ፣ ከዚያም 10 ግራም ያህል ዩሪያ ለሁለት ጊዜ ተከፍሎ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው አለ፤ የኤንፒኤስ ሦስተኛው ፊደል ድኝ እንጂ ፖታሲየም አይደለም። ፖታሲየሙን ከአመድና በደንብ ከበሰለ የቡና ገለባ ብስባሽ ማግኘት ይቻላል። ለሚረጭ ነገርም አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ጋሎን የሚለውን ለ1 ሊትር 4 ሚሊ ሊትር ብላችሁ ያዙት፤ የእንግሊዝ ጋሎን 4.55 ሊትር፣ የአሜሪካው 3.8 ሊትር ስለሆነ ገጹ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ።

የጅማ ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ነው። ፎስፎረስን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ከተክሉ ይደብቀዋል። ስለዚህ በደረቅ አካባቢ የተጻፈ ገጽ ‹‹አመድ አትጨምሩ፣ አፈራችሁን ያበላሻል›› ሲል ለራሱ አገር እውነት ተናግሯል፤ እዚህ ግን የማገዶ አመድ ከ100 እስከ 150 ግራም ለካሬ ሜትር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ነፋስ በሌለበት ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ቢቀላቀል አሲድነቱን ስለሚቀንስ ይጠቅማል። ከድንች መደብ ግን ይራቅ፤ እከክ የሚባለውን የድንች ልጣጭ በሽታ ያባብሳል። ከዩሪያ ጋርም በአንድ ቀን አይበተን፤ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ተንኖ ይጠፋል። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ አፍስሶ አረፋ በማየት አሲድነትን መለካት የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ለሕፃናት ጨዋታ ይሆናሉ እንጂ አሲድነቱን ለመቀነስ ስንት ኖራ እንደሚያስፈልግ አይነግሩም። አይኤስዲኤ ሶይል የሚባለው የአፍሪካ የአፈር ካርታ በየ30 ሜትሩ የአሲድነት ግምት ያሳያል፤ ለገጠር ማሳ ጥሩ መነሻ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ግቢው ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር የተሞላ ሊሆን ስለሚችል ካርታውን ማመን አይገባም። ወሳኙ የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው።

ስለ ቡና ተረፈ ምርት ትንሽ እንቆይ፤ ጅማ ላይ የማያልቀው ሀብት ይህ ነውና። በኢንተርኔት ላይ የሚወደሰው ተፈልቶ የተጠጣ ቡና አተላ ነው። ለእሱ የተጻፈውን ለቡና ገለባ ወይም ከመፈልፈያ ለሚወጣ እርጥብ ልጣጭ መጠቀም ስህተት ነው። ጥሬው ልጣጭ እርጥበቱ የበዛ ነው፤ በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን ደግሞ የችግኝን ሥር ይገታል። በቀጥታ መደብ ላይ ያፈሰሰው ሰው ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ሲቀር ያያል። መንገዱ ማብሰል ነው። በመጠን 3 እጅ ገለባ፣ 1 እጅ ትኩስ እበት፣ 1 እጅ የተከተፈ ለምለም ቅጠልና አረም፣ በየንብርብሩ ጥቂት አፈር። ክምሩ በየጎኑ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይሁን፤ ካነሰ አይሞቅም። በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ የሚወጣው ከሆነ እርጥበቱ ልክ ነው። ክረምት ላይ በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ካልተሸፈነ ዝናቡ ንጥረ ነገሩን አጥቦ ይወስደዋል፤ ሽታ ካመጣ ውሃ በዝቶበታል፣ ደረቅ ገለባ ጨምሮ መገልበጥ ነው። ካልሞቀ ደግሞ ወይ ደርቋል ወይ እበት አንሶታል። በየ2 እና በየ3 ሳምንቱ እየተገለበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ይደርሳል፤ ሽታው የጫካ አፈር ሲመስልና ገለባው በጣት ሲፈርስ ያኔ ነው። የጫት ገረባም ይገባል፣ ግን እንጨቱ ካልተከተፈ ዓመት ይፈጃል። ጫቱ ላይ ምን እንደተረጨ ካልታወቀ ባይገባ ይመረጣል።

የቅጠል ጭማቂ ለሚመጥጠው ትንሽ ተባይ፣ ለክሽክሽ፣ ሁሉም ገጽ ኒም ይላል። የኒም ዛፍ ቆላ ወዳድ ነው፤ ጅማ ጓሮ ውስጥ አይገኝም። የአካባቢ ሰው በብርብራ ፍሬ ተባይ መከላከልን ያውቃል፤ ብርብራ ግን ዓሣ የሚገድል መሆኑን አንርሳ፤ ተቀጥቅጦ የተዘፈዘፈበት ውሃ አዌቱ ወንዝ ወይም ቦዬ ረግረግ መግባት የለበትም። ለጓሮ ቀላሉ የሳሙና ውሃ ነው፤ 1 የሾርባ ማንኪያ የፈሳሽ ሳሙና (የልብስ ዱቄት ሳሙና አይደለም፣ ቅጠል ያቃጥላል) በ1 ሊትር ውሃ። በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ተሞክሮ አንድ ቀን ይታይ፤ ከዚያ ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ የቅጠሉ ጀርባ ይረጭ። የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ መድገም ግድ ነው።

በስልክ ካሜራ ተክል የሚለዩ መተግበሪያዎች፣ ለምሳሌ ፕላንትኔት፣ ለተማሪዎች ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው። ቅጠሉንና አበባውን ለየብቻ አንስቶ፣ አካባቢውን ሞቃታማ አፍሪካ ብሎ መምረጥ ትክክለኛነቱን ይጨምረዋል። ነገር ግን መተግበሪያው ይበላል ስላለ ያልታወቀ ቅጠል ማሰሮ ውስጥ አይገባም። የበሽታ ምርመራም ሌላ ነገር ነው። በእንሰትና በሙዝ ላይ ቅጠል ቢጫ ሲሆን መተግበሪያው የንጥረ ነገር እጥረት ሊል ይችላል፤ ግንዱ ተቆርጦ ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ ግን የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ያኔ ተክሉን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና መንከር እንጂ ማዳበሪያ አያድነውም። ለባለሙያ ፎቶ የሚልክ ሰው ሙሉ ተክሉን፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ የተቆረጠ ግንዱን፣ ሥሩን፣ አጠገቡም የብር ሳንቲም አድርጎ በቀን ብርሃን ያንሳ። አንድ የደበዘዘ ፎቶ ልኮ መልስ መጠበቅ የሁለቱንም ጊዜ ማባከን ነው።

ለመምህራን የምንለው ይበዛል። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ስለ ትምህርት ቤት አትክልት በነፃ የሚያወጣቸው መመሪያዎች ከብዙ ገጾች ይሻላሉ። ነገር ግን የእኛ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ የተቀዳ ዕቅድ ተማሪው በሌለበት አረም ብቻ ያበቅላል። መስከረም ላይ ተዘርቶ እስከ ጥር የሚሰበሰብ አንድ ዙር፣ መጋቢት ላይ ተጀምሮ ከሰኔ በፊት የሚጠናቀቅ ሁለተኛ ዙር ማድረግ ነው። ክረምቱን እንደ ጎደሬና ስኳር ድንች ያሉ ራሳቸውን የሚችሉ ይሸፍኑታል።

ተማሪዎች በአፈር የሚሠሩት የታወቀ ሙከራም አለ፤ 1 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ ሞልቶ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሮ መናጥና ማስቀመጥ። አሸዋ በደቂቃ፣ ደለል በሰዓታት፣ ሸክላው በቀን ወይም በሁለት ቀን ይዘቅጣል። የጅማ ቀይ አፈር ላይ ግን ውጤቱ ያሳስታል። ብረቱ የሸክላውን ቅንጣቶች አጣብቆ ስለሚያስቀምጣቸው እንደ አሸዋ ቶሎ ይወርዳሉ፤ ተማሪውም አፈራችን አሸዋማ ነው ብሎ ይጽፋል። ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል መናጥ፣ ሌሊቱን አሳድሮ እንደገና መናጥ፣ ከዚያም በእጅ እርጥቡን አፈር አድቦልቡሎ ክር ሲወጣው ማየትና ሁለቱን ማነጻጸር ያስፈልጋል። የልዩነቱ ምክንያት ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያስተምራል።

የዘር ሙከራ ግን የትም አገር ተጽፎ ቢገኝ ያው ነው፤ 50 ዘር ቆጥሮ እርጥብ ጨርቅ ላይ አልብሶ ማስቀመጥ። ጎመንና ሰላጣ በሳምንት፣ ካሮት እስከ 2 ሳምንት ይጠበቃል። ከ50ው 35ቱ ከበቀሉ 70 ከመቶ ነው፤ አዘራሩን በዚያው ልክ መጨመር ነው። ከገጽ ላይ አይተው ዘር ከውጭ ማዘዝ የሚሹ ደግሞ የዕፅዋት ጤና ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይወቁ። በፖስታ ሳይመረመር የገባ ዘር አዲስ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በቴሌግራም የሚዞሩ ጽሑፎች ላይ የምናማርረው አንድ ነገር ነው፤ ማን እንደጻፈው፣ የትኛው አገር እንደሆነ፣ መቼ እንደተጻፈ የለም። የተረጨ አትክልት ስንት ቀን ቆይቶ መበላት እንዳለበት የማይናገር የፀረ ተባይ ምክር ሲደርሳችሁ ለሌላ ሰው አታስተላልፉት።

ዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው ይህን ነው። የጓሮ አትክልት ምክር ስታትሙ ከጽሑፉ ግርጌ ምክሩ ለምን ከፍታና ለየትኛው የዝናብ ወቅት እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩ፤ መለኪያውንም በግራም፣ በሊትርና በካሬ ሜትር አድርጉት። በየወሩ መጀመሪያ ለጅማና አካባቢዋ የሚዘራውንና የሚዛወረውን የሚያሳይ ትንሽ ሠንጠረዥ ለማውጣት ቦታ ካላችሁ የመስከረሙን አዘጋጅተን እንልካለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በጓሮና በትምህርት ቤት አትክልት ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች፣ ጅማ